ሦስተኛው እጩ ምን በደለ?

የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በደረሰ ቁጥር ባሕር ዳር ላይ አንድ ክርክር አብሮ ይመጣል። ጣና ዳር ካፌ ውስጥ ትሰሙታላችሁ፣ ፔዳ አካባቢ ትሰሙታላችሁ፣ ባጃጅ ውስጥም አይቀርም። እዚያ ማዶ ዘመድ የሌለው ቤት ስለማይገኝ ወሬው ሩቅ አገር አይመስልም። ባለፈው ምርጫ ጊዜ ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ረጅም የድምፅ መልእክት ላከልኝ፤ ሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች አንገሽግሸውታል፣ እና የማሸነፍ ተስፋ ለሌለው ሦስተኛ እጩ ድምፁን ሊሰጥ አስቧል። ይህንን ቡና እየጠጣን ለማከብራቸው ጡረታ ለወጡ አንድ መምህር ነገርኳቸው። "ልጄ፣ ንገረው፣ ድምፁን እንዳያባክን" አሉኝ ፈጠን ብለው። "እንደዚያ ያደረጉት ናቸው በ2000 ቡሽን ያመጡት።"

ጋሼን አከብራቸዋለሁ። በዚህ ነገር ግን አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። የምለው ይህ ነው፤ ለትንሽ እጩ የመረጠ ሰው የማንንም ድምፅ አልሰረቀም። ድምፅ የሚባክነው በመቁጠሪያ ሕጉ ነው። ከሕጉ ቀጥሎ ተጠያቂዎቹ፣ ሕጉን እያወቁ መስማማት ያቃታቸው መሪዎች ናቸው። መራጩ በመጨረሻ ነው የሚመጣው፣ እሱም ከመጣ። ጉዳዩ አንድ ቀን ወደ እኛም ስለሚመጣ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። (የውጭዎቹን ዓመታት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፣ የእኛዎቹን ዓ.ም. እላለሁ።)

መጀመሪያ ጋሼ ባነሱት ልጀምር። በ2000 ጆርጅ ቡሽ ከአል ጎር ጋር ተወዳደሩ። አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንቱን የሚወስኑት ለየግዛቱ የተመደቡ መራጭ ወኪሎች ናቸው፣ በዚያ ዓመትም ሁሉም ነገር ፍሎሪዳ ላይ ቆመ። ከሳምንታት ቆጠራና የፍርድ ቤት ሙግት በኋላ ቡሽ ፍሎሪዳን በ537 ድምፅ ብቻ አሸነፉ። ስድስት ሚሊዮን ገደማ ሰው በመረጠበት ግዛት 537! በዚያው ግዛት የአረንጓዴው ፓርቲ እጩ ራልፍ ናደር 97,488 ድምፅ አግኝተዋል። ከድምፅ መስጫ ጣቢያ ሲወጡ ከተጠየቁት የናደር መራጮች ግማሽ ገደማው ናደር ባይኖሩ ለጎር እንመርጥ ነበር ብለዋል፣ አምስተኛ ገደማው ለቡሽ፣ የቀሩት ደግሞ ጭራሽ አንመርጥም ነበር አሉ። ሒሳቡን ስትሠሩት ናደር ባይወዳደሩ ጎር ፍሎሪዳን ያሸንፉ ነበር ማለት ይቻላል። እስከዚህ ድረስ ጋሼ ልክ ናቸው። ይህንን አልክድም።

ነገር ግን የፍሎሪዳ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ አሥር እጩዎች ነበሩ። ከአሥሩ የመጨረሻው የሶሻሊስት ሠራተኞች ፓርቲ እጩ ጄምስ ሃሪስ ነበሩ፣ ያገኙት 562 ድምፅ ነው። 562 ከ537 ይበልጣል። ስለዚህ በዚያ ስሌት ከሄድን የመጨረሻው፣ ስሙን ማንም የማያስታውሰው እጩ እንኳ "ምርጫውን ቀይሯል"። እና የትኛውን ነው የምንወቅሰው? ሁሉንም? እንደዚያ ከሆነ ወቀሳው ትርጉም ያጣል፤ ውጤቱ በጣም ሲጠጋጋ ማንኛውም ትንሽ ነገር ይቀይረዋል፣ ዝናብም ይቀይረዋል።

ሌላም አለ፣ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አል ጎር የቴነሲ ሰው ናቸው። አባታቸው የቴነሲ ሴናተር ነበሩ፣ እሳቸውም ሴናተር ነበሩ። በ2000 ግን ቴነሲን ተሸነፉ። ቴነሲ ያኔ 11 መራጭ ወኪሎች ነበሯት፣ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው 270 ነው፣ ቡሽ ያገኙት 271 ነው። ጎር የገዛ ግዛታቸውን ቢያሸንፉ ኖሮ ፍሎሪዳ አታስፈልጋቸውም ነበር። ቴነሲ ውስጥ ደግሞ ቡሽ ከግማሽ በላይ ድምፅ ስላገኙ ናደርን ማንሳት አይቻልም። የአገሬ ሰው አልመረጠኝም የሚለው ሽንፈት ተትቶ በሌላ ግዛት ያሉ የናደር መራጮች ለምን ይረገማሉ? ጎር እነዚያን 97,488 ሰዎች ማሳመን ነበረባቸው። አላሳመኑም። ድምፅ ደግሞ በውርስ አይገኝም።

እዚህ ላይ ነገሩን ከሰፈሬ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ እድር ውስጥ ዳኛ ሲመረጥ አይቻለሁ። ሦስት ሰዎች ተጠቆሙ። አንደኛው ወርሃዊ መዋጮው ይጨመርና አዳራሽ ይሠራ የሚሉ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ አዳራሹ ይቆይ፣ ድንኳኑና ወንበሩ ይታደስ ባዮች ናቸው። እጅ ሲወጣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አባል አዳራሹን አልፈለገም፣ ግን እጁን ለሁለቱ ከፋፍሎ ሰጠ። ባለ አዳራሹ አንደኛ ሆኑ። ጉርምርምታው በረከተ። ከሁለቱ አንዱ "አንተ ባትገባበት ኖሮ" እያለ ሌላውን ወቀሰ። ከዚያ አንዲት እናት ተነስተው "ምን ያጣላችኋል? ሦስተኛው ይቀመጥና በሁለቱ እንደገና እጅ እናውጣ" አሉ። እንደገና ወጣ፣ የመጀመሪያው ውጤት ተገለበጠ። አዳራሽ ፈላጊዎቹም አልተቀየሙም፣ ምክንያቱም ብዙኃኑ ምን እንደፈለገ ሁሉም በዓይኑ አይቷል። እኒያ እናት ያመጡት ሐሳብ ትልልቅ አገሮች ሁለተኛ ዙር ብለው በሕገ መንግሥታቸው ያስገቡት ነው።

ወደ አሜሪካ ልመለስ፣ ምክንያቱም የእነሱ ሕግ ከእድሩም የባሰ ነው። ከሁለት ግዛቶች ማለትም ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀር በእያንዳንዱ ግዛት አንደኛ የወጣው፣ በአንድ ድምፅም ይሁን በሚሊዮን፣ የግዛቱን መራጭ ወኪሎች በሙሉ ይወስዳል። ለሁለተኛው የሚተርፍ የለም፣ ለሦስተኛው ጭራሽ። ይህ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ሁለት ሰዎችን አነጻጽሩ። በ1992 ሮስ ፔሮ የሚባሉ ቢሊየነር በግል ተወዳድረው 19 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኙ፤ ከ19 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው የመረጣቸው። ስንት ወኪል አገኙ? ዜሮ። በ1968 ደግሞ ጥቁሮችና ነጮች ተለያይተው ይኑሩ የሚሉት የአላባማው ጆርጅ ዋላስ 13.5 በመቶ አግኝተው 46 ወኪሎችን ወሰዱ። ለምን? የፔሮ ደጋፊ በመላ አገሪቱ ተበትኗል፣ የዋላስ ደጋፊ ግን ደቡብ ላይ ተከማችቷል። ይህንን ልብ በሉልኝ፣ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ይነግረናል። በዚህ ዓይነት ሕግ አገር አቀፍ ሐሳብ ይዞ በየቦታው ጥቂት ጥቂት ደጋፊ ያለው ይቀጣል፣ አንድ አካባቢን ብቻ ይዞ የሚነሳው ይሸለማል።

ብዙዎች ፔሮ ናቸው ያኔ ፕሬዚዳንት የነበሩትን አባትየውን ቡሽ የጣሉትና ክሊንተንን ያስመረጡት ይላሉ። እውነቱን ለመናገር የድምፅ ሰጪዎች መጠይቅ ያንን አያሳይም፤ የፔሮ መራጮች ሁለተኛ ምርጫቸው ለክሊንተንና ለቡሽ እኩል ሊባል በሚችል መልኩ የተከፈለ ነበር። ስለዚህ ሦስተኛ እጩ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ ይወስዳል የሚለውም ትክክል አይደለም። በትክክል ድምፅ ተከፈለ የሚባለው በ1912 ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከወዳጃቸው ከፕሬዚዳንት ታፍት ጋር ተጣልተው የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። የሪፐብሊካኑ ድምፅ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ሩዝቬልት 27 በመቶ፣ ታፍት 23 በመቶ። ዉድሮ ዊልሰን በ42 በመቶ ገደማ ድምፅ ከ531 ወኪሎች 435ቱን ጠራርገው ወሰዱ። ሥልጣን ላይ የነበሩት ታፍት ሁለት ግዛት ብቻ አሸንፈው 8 ወኪል ይዘው ቀሩ። ይህ የወንድማማቾች ጠብ ነው፣ ተራው መራጭ ያመጣው አይደለም።

ደግሞም ሦስተኛ ፓርቲ ሁሉ ከንቱ ነው የሚሉትን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። ዛሬ ትልቅ የሆነው የሪፐብሊካን ፓርቲ በ1854 ሲመሠረት ምን ነበር? አዲስ ፓርቲ። ከስድስት ዓመት በኋላ አብርሃም ሊንከንን ፕሬዚዳንት አደረገ። ያኔ ሁሉም "ድምፅህን አታባክን" ተብሎ ዝም ቢል ኖሮስ?

አሁን ወደ መሪዎቹ ልምጣ። እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚነደው። መራጩን ነፃ ባወጣውም እጩዎቹን ነፃ አላወጣም። ሕጉ አንደኛ የወጣ ያሸንፋል የሚል ከሆነ፣ ያንን አውቀህ፣ ከአንተ ጋር አንድ ዓላማ ካለው ሰው ጋር ተቀምጠህ መነጋገር ግዴታህ ነው። ደቡብ ኮሪያን እዩ። በ1987 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ፣ ተማሪው ሞቶ፣ ፕሬዚዳንት በቀጥታ የመምረጥ መብቱን ከወታደሮቹ አስመለሰ። የዴሞክራሲው ወገን ሁለት የተከበሩ መሪዎች ነበሩት፣ ኪም ዮንግ ሳምና ኪም ዴ ጁንግ። ሁለቱም እኔ ልሁን አሉ። ሁለቱም ተወዳደሩ። አንዱ 28 በመቶ፣ ሌላው 27 በመቶ አገኙ። ሲደመር 55። የቀድሞው ጄኔራል ሮ ቴ ዉ በ36.6 በመቶ አሸነፉ። ሕዝቡ ለዚያ ሁሉ መሥዋዕትነት ያገኘው መልስ ከወታደራዊው መንግሥት የመጣ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሁለቱም ኪሞች ኋላ በየተራ ፕሬዚዳንት ሆነዋል፣ አንዱ በ1992 ሌላው በ1997 ምርጫ። ተራ መያዝ ይቻል ነበር ማለት ነው። የጠፋው ለመቀመጥ ፈቃደኛ የሚሆን ሰው ነው።

ጎረቤታችን ኬንያም ያው ነው። በ1992 ከረጅም ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው የመድብለ ፓርቲ ምርጫ ሲደረግ ዳንኤል አራፕ ሞይ 36 በመቶ ገደማ ብቻ አገኙ። ኬኔት ማቲባ 26፣ ምዋይ ኪባኪ 19፣ ኦጊንጋ ኦዲንጋ 17 በመቶ አካባቢ። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ሞይን በቃዎት ብሏል። ሞይ ግን ቀጠሉ። በእርግጥ ምርጫው ንጹሕ አልነበረም፣ የመንግሥት ገንዘብ ፈሷል፣ በስምጥ ሸለቆ ሰዎች ተፈናቅለዋል፣ ተገድለዋል። ያም ሆኖ ማቲባና ኦዲንጋ መጀመሪያ በአንድ ፓርቲ ውስጥ እንደነበሩና ማን እጩ ይሁን በሚል ተጣልተው ፓርቲውን ለሁለት እንደሰነጠቁት አትርሱ። በ1997 እንደገና ተበታትነው ገቡ፣ ሞይ በ40 በመቶ እንደገና አሸነፉ። አሥር ዓመት ባከነ! በ2002 ብቻ ነው ልብ የገዙት። የኦጊንጋ ልጅ ራይላ ኦዲንጋ ናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ኪባኪ ይበቁናል ብለው የራሳቸውን ምኞት ወደ ኋላ አደረጉ። ኪባኪ 62 በመቶ አገኙ። ከዚያ በኋላ የተከተለው ሁሉ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ምርጫው ያስነሳውን ደም መፋሰስ ሁላችንም እናስታውሳለን። ግን የ2002ቱን ቀን ሳስብ ፖለቲከኛ ከፈለገ መቀመጥ እንደሚችል ይገባኛል።

ናይጄሪያ ደግሞ የቅርቡ ነው። በ2019 አቲኩ አቡበከርና ፒተር ኦቢ በአንድ ትኬት፣ አንዱ ፕሬዚዳንት ሌላው ምክትል ሊሆኑ ተወዳደሩ። በ2023 ተለያይተው ገቡ። ቦላ ቲኑቡ 36.6 በመቶ አግኝተው ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ አቲኩ 29፣ ኦቢ 25 በመቶ። ስለ ቆጠራው ብዙ ክርክር ነበር፣ ፍርድ ቤትም ደርሷል። የተነገረውን ውጤት እንዳለ ብንቀበለው እንኳ ነገሩ ግልጽ ነው። የኦቢን ወጣት ደጋፊዎች ግን መውቀስ አልችልም። እነሱ አዲስ ነገር ፈልገው ነው የወጡት።

ከሁሉም በላይ እንድታስታውሱልኝ የምፈልገው ማላዊን ነው። ትንሽ አገር ናት፣ ብዙ አይወራላትም። በ2014 ፒተር ሙታሪካ በ36 በመቶ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በግንቦት 2019 እንደገና ተወዳድረው በ38.6 በመቶ አሸንፈዋል ተባለ። ላዛረስ ቻክዌራ 35.4፣ ሳውሎስ ቺሊማ 20 በመቶ። የውጤት መመዝገቢያ ቅጾቹ ላይ ግን ቁጥሮች በነጭ ማጥፊያ ቀለም ተሰርዘው እንደገና ተጽፈው ተገኙ። ሕዝቡ ወራት ሙሉ ሰልፍ ወጣ። ተቃዋሚዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። በየካቲት 2020 ዳኞቹ፣ ሕይወታቸውን የሚያሰጋ ነገር ስለነበር በወታደር ታጅበው ጥይት መከላከያ ለብሰው የመጡት ዳኞች፣ ምርጫውን ሰረዙት። እሱ ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንት በአብዛኛው ድምፅ ይመረጣል ሲል ከግማሽ በላይ ማለት ነው፣ 50 በመቶ ሲደመር አንድ፣ ብለው ተረጎሙት።

ያ አንድ ዓረፍተ ነገር የፖለቲከኞቹን ጠባይ ቀየረው። ለየብቻ ሲሮጡ የነበሩት ቻክዌራና ቺሊማ አሁን ብቻቸውን የትም እንደማይደርሱ አወቁ። ቺሊማ ምክትል ለመሆን ተስማሙ፣ ሌሎች ፓርቲዎችም ተጨመሩ። በሰኔ 2020 በተደረገው ድጋሚ ምርጫ ቻክዌራ 59 በመቶ ገደማ አግኝተው አሸነፉ። ሙታሪካስ? 40 በመቶ ገደማ። አያችሁት? የሙታሪካ ደጋፊ አልከዳቸውም፣ ድርሻቸው ከዓመት በፊት ከተነገረላቸው እምብዛም አልተነቃነቀም። ሌላው ወገን ተሰባሰበ፣ የተሰባሰበውም ሕጉ ስላስገደደው ነው። ስለ አንድነት የተሰበከው ስብከት ሁሉ ያላመጣውን አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ አመጣው። እኔ መሪዎች ልብ ይግዙ ብዬ እለምናለሁ፣ ግን ልመና ብቻውን ኬንያ ላይ አሥር ዓመት እንደወሰደ አይተናል። ሕግ ይቀድማል። (ማላዊ ውስጥ በ2025 ሙታሪካ ተመልሰው አሸንፈዋል፣ በዚህኛው ጊዜ ከግማሽ በላይ አግኝተው ነው። ይህም ሕዝቡ የፈለገው ነው።)

ሁለተኛ ዙር ግን ሁሉንም አይፈውስም፣ ይህንንም በግልጽ ልናገር። ፈረንሳይ በ2002 ሁለተኛ ዙር ነበራት። 16 እጩዎች ቀረቡ። የግራው ወገን ስለተበታተነ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሊዮኔል ጆስፓን 16.2 በመቶ አግኝተው ሦስተኛ ሆኑ። የቀኝ አክራሪው ዣን ማሪ ለ ፔን በ16.9 በመቶ ከዣክ ሺራክ ጋር ወደ ሁለተኛው ዙር አለፉ። ጆስፓንን ከለ ፔን የለየው 200,000 እንኳ ያልሞላ ድምፅ ነው፣ ከግራው እጩዎች አንዷ ክርስቲያን ቶቢራ ብቻቸውን ከ600,000 በላይ አግኝተዋል። ልዩነቱ ግን እዚህ ነው። ዝም ብሎ አንደኛ የወጣ ያሸንፋል በሚል ሕግ ቢሆን ሺራክ በ20 በመቶ ገደማ ድምፅ ያኔውኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ያልቅ ነበር። በፈረንሳይ ሕዝቡ ሌላ ዕድል አገኘ፣ ተደናግጦ ወጣ፣ ለ ፔንን ከ80 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ መለሳቸው። ሁለተኛው ዙር ስህተቱን ባያስቀርም አደጋውን አቆመው።

ሌላም መንገድ አለ፣ መራጩ እጩዎቹን በቅደም ተከተል፣ አንድ ሁለት ሦስት እያለ የሚያስቀምጥበት። የመረጥከው ሰው ከወደቀ ድምፅህ ወደ ሁለተኛ ምርጫህ ይሄዳል። አየርላንድ ፕሬዚዳንቷን የምትመርጠው እንዲህ ነው። በ1990 ብሪያን ሌኒሃን በመጀመሪያው ቆጠራ በ44 በመቶ መሪ ነበሩ፣ ሜሪ ሮቢንሰን 39 በመቶ፣ ኦስቲን ከሪ 17። ከሪ ሲወድቁ አብዛኛው መራጫቸው ሁለተኛ ያደረገው ሮቢንሰንን ስለነበር ሮቢንሰን ከግማሽ አለፉ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሴት ፕሬዚዳንትም ሆኑ። ከሪ ማንንም አልጎዱም። መራጫቸውም መጀመሪያ ልቡን ተናገረ፣ ቀጥሎ ደግሞ ውጤቱን ወሰነ፣ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት። ስሪላንካም በ2024 ማንም ከግማሽ ስላላለፈ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫዎችን ቆጥራለች። አሜሪካ ውስጥም ሜይን ከ2020 ጀምሮ ለፕሬዚዳንት ምርጫ ትጠቀምበታለች። የአክስቴ ልጅ ሜይን ቢኖር ኖሮ እኔና ጋሼ የምንከራከርበት ነገር አይኖርም ነበር።

ምን አገባን ትሉ ይሆናል። እኛ ፕሬዚዳንት በቀጥታ አንመርጥም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው የሚመርጡት፣ ዋናው ሥልጣን ያለውም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋ ነው። ይሁን። ግን አንቀጽ 54ን አንብቡት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ የሚመረጡት አብላጫ ድምፅ ባገኘ ያሸንፋል በሚለው ሥርዓት ነው። ይኸው የፍሎሪዳ ሕግ ማለት ነው፣ በየምርጫ ክልሉ የተሰራጨ። አንድ ምርጫ ክልል ውስጥ አንዱ ፓርቲ 40፣ ሌላው 35፣ ሌላው 25 በመቶ ቢያገኝ ወንበሩ የባለ 40ው ነው፣ 60 በመቶው ሰው እንደራሴ የለውም። ፓርቲዎቻችን ደግሞ ብዙ ናቸው። ስማቸው እንኳ ተመሳሳይ ሆኖ ሰው የሚያምታታባቸው አሉ።

ከዚያም በላይ ፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት ይሻለናል፣ መሪያችንን ራሳችን በቀጥታ እንምረጥ የሚሉ ሰዎች እየበዙ ነው። እኔ ሐሳቡን አልጠላም። ግን ይህንን ሐሳብ የሚያነሳ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ቀድሞ ይመልስልኝ፤ በስንት በመቶ ነው የሚያሸንፈው? ዝም ብለን አንደኛ የወጣ ይግባ ካልን፣ በእኛ አገር አሥር እጩ ቀርቦ አንዱ የራሱን አካባቢ ብቻ ይዞ በ22 ወይም በ25 በመቶ ቤተ መንግሥት ሊገባ ይችላል። የቀረው ሦስት አራተኛ ሕዝብ ምን ይላል? በሰላም ጊዜ እንኳ ከባድ ነው። ባለፉት ዓመታት ያየነውን ላየ ሰው፣ እኔ ባለሁበት ከተማ ለሚኖር ሰው፣ ይህ የቡና ላይ ጨዋታ አይደለም። ስለዚህ ከግማሽ በላይ የሚለው መነሻ ይሁን። ኬንያና ናይጄሪያ ያስገቡት የስርጭት መስፈርትም ያስፈልገናል። ኬንያ ውስጥ ከግማሽ በላይ ማግኘት ብቻ አይበቃም፣ ካውንቲ ከሚባሉት የአስተዳደር ክፍሎች ከግማሽ በሚበልጡት በእያንዳንዳቸው ቢያንስ 25 በመቶ ማግኘት ግድ ነው። የእኛ ተወዳዳሪም ጎጃምም፣ ጅማም፣ ጅግጅጋም ሄዶ ሰው እንዲለምን የሚያስገድድ ሕግ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ ዙር ወይስ ቅደም ተከተል ከተባልኩ፣ ሁለተኛ ዙር እላለሁ። ምክንያቴ ቆጠራው ነው። በሁለተኛ ዙር ድምፁ እዚያው በምርጫ ጣቢያው ይቆጠራል፣ ታዛቢ ባለበት፣ ውጤቱ በር ላይ ይለጠፋል፣ ማንበብ የሚችል ሁሉ ያየዋል። በቅደም ተከተሉ ግን ማን መጀመሪያ እንደሚወድቅ የሚታወቀው የአገሪቱ ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ ሲደመር ስለሆነ፣ የመጨረሻው ስሌት ከሰፈር ሰው ዓይን ርቆ ማዕከል ላይ ይሠራል። መተማመን ባለበት አገር ግሩም ነው። እኛ ገና ነን። ማላዊ ላይ ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው በጣቢያውና በማዕከሉ መካከል ባለው ወረቀት ነው።

የሁለተኛ ዙር ችግር ወጪውና ድካሙ ነው፣ ይህንን ጣና ዳር ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ደቅ ደሴት ኮሮጆ የሚደርሰው በጀልባ ነው፣ ሰዓታት ይወስዳል። በ2013 ዓ.ም. የመረጥነው ሰኔ 14 ነበር። ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ሁለተኛ ዙር ይደረግ ቢባል ሐምሌ ላይ ይወድቃል። ሐምሌ ላይ ሐይቁ ይናወጣል፣ ከጣና ወጣ ያለው የገጠር መንገድ ይጨቀያል፣ ገበሬው ደግሞ እርሻ ላይ ነው፣ ትቶ አይመጣም። ቢመጣም ግማሹ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሁለተኛ ዙር የሚፈልግ ሰው የምርጫውንም ወር መቀየር አለበት። አዝመራው ከገባ በኋላ፣ የመጀመሪያው ዙር ጥር ላይ፣ የሚያስፈልግ ከሆነ ሁለተኛው የካቲት ላይ ቢሆን መንገዱም ደረቅ ነው፣ ጀልባውም ይሄዳል፣ ገበሬውም ጊዜ አለው።